መግሉ ከአንገት ወደ ደረት ሲወርድ፦ የትኛው ሕክምና፣ ለማን፣ መቼ?

ነገሩ ብዙ ጊዜ በጥርስ ይጀምራል። የታችኛው መንጋጋ ዳር ያለው ጥርስ ሁለት ሦስት ቀን ይጠዘጥዛል። ሰውየው ማስታገሻ ይውጣል። ጉንጩ ያብጣል። በአራተኛው ቀን እብጠቱ አገጩ ሥር ይገባል፤ አፉ አልከፈት ይላል፤ ምራቁን መዋጥ ስላቃተው በመሐረብ ይጠርጋል። በአምስተኛው ቀን አንገቱ ትንሽ የጎደለ ይመስላል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ለቀቀው» ይላል። ሰውየው ግን ደረቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። ጋደም ማለት አልቻለም። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

መግሉ አልጠፋም። ወርዷል።

በሁለቱ ሳንባዎች መሀል፣ ከፍርምባ አጥንት ጀርባ፣ ልብ፣ የአየር ቧንቧ፣ የምግብ ቧንቧና ትልልቆቹ የደም ሥሮች የተቀመጡበት ቦታ አለ። ሐኪሞች ሜዲያስቲነም ይሉታል፤ እኔ «የደረት መሀል» እያልኩ እቀጥላለሁ። የጥርስ፣ የቶንሲል ወይም የጉሮሮ ኢንፌክሽን እዚያ ከደረሰ በሰዓታት የሚለካ ሩጫ ይጀመራል። ብዙ ጊዜ የማይገጥም በሽታ ነው። ሲገጥም ግን ምርጫዎቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ባንዴ ይመጣሉ፣ የሚወስነውም ሰው እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ነው።

ይህን የምጽፈው ምርጫዎቹን ጎን ለጎን ለማሳየት ነው። ተረኛ ለሆነ ወጣት ሐኪም ይጠቅማል፤ ለነርስም፤ የኦፕራሲዮን ፊርማ ለተጠየቀ ቤተሰብም። መድኃኒት በራሳችሁ እንድትጀምሩ ግን አይደለም። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ ብዙ ሰው «ይከፈት ወይስ አይከፈት?» ብሎ ይከራከራል። የሚያዋጣው ጥያቄ «እስከ የት ይከፈት?» የሚለው ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ

አንገት ውስጥ ያሉት ጡንቻዎችና ቧንቧዎች በስስ ሽፋኖች ተጠቅልለው ነው የተቀመጡት። ጤነኛ ሰው ላይ ሽፋኖቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጣብቀው ስንውጥና ስንዞር ይንሸራተታሉ። መግል ሲገባባቸው ግን እንደ ባዶ ኪስ ይከፈታሉ። ኪሶቹ ደግሞ ወደ ታች ረጅም ናቸው።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ከአየር ቧንቧው ፊት ለፊት ይወርድና ወደ ልብ ሽፋን ይደርሳል። ሁለተኛው አንገት ላይ የደም ሥር ስንዳስስ ትር ትር የሚለውን ሥር ተከትሎ ይወርዳል። ሦስተኛው ከጉሮሮ ጀርባ፣ ከአከርካሪው ፊት ለፊት ነው። አናቶሚስቶች የዚህን መንገድ አንዱን ክፍል «አደገኛው ክፍተት» ብለው ሰይመውታል። ከራስ ቅል ሥር ተነስቶ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም ድረስ ስለሚዘልቅ ነው። አብዛኛው መግል የሚወርደውም በዚሁ በኋለኛው በኩል ነው። የመሬት ስበት ወደ ታች ይስበዋል። እያንዳንዱ ትንፋሽ ደግሞ ደረት ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ እያደረገ ይመጠዋል። በሽተኛው በተነፈሰ ቁጥር በሽታውን ወደ ውስጥ እየሳበ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ከታች የማወዳድራቸው የኦፕራሲዮን ዓይነቶች በሙሉ የሚለያዩት ከእነዚህ መንገዶች የትኛውን እንደሚያገኙና የትኛውን እንደሚስቱ ነው።

በምን እንየው?

ተራ የደረት ራጅ ርካሽና ፈጣን ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ንጹሕ ሊመስል ይችላል። የደረት መሀል ሰፍቶ በራጅ ሲታይ ብዙ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» የሚለው ቃል እዚህ በሽታ ላይ ብዙም አያጽናናም።

አልትራሳውንድ አንገት ላይ ላዩን ያለ መግል ያሳያል። በሳንባ ዙሪያና በልብ ሽፋን ውስጥ ውሃ መያዙንም በአልጋው ላይ እንዳለ ለማየት ጥሩ ነው። ከፍርምባ ጀርባ ግን ድምፁ አጥንቱን አያልፍም። ኤምአርአይ ለስላሳ አካልን አጥርቶ ያሳያል፤ ግን ረጅም ጊዜ ጋደም ብሎ አለመንቀሳቀስን ይጠይቃል። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ለዚያ ያህል ጊዜ ማጋደም ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

አሸናፊው ሲቲ ስካን ነው፤ በደም ሥር በሚሰጥ ማጉያ ፈሳሽ፣ ከአንገት እስከ ድያፍራም ድረስ፣ በአንድ ጊዜ። የአንገቱን ብቻ ማዘዝ የተለመደ ስሕተት ነው። ምስሉ የሚያልቀው በሽታው በሚቀጥልበት ቦታ ላይ ይሆናል። ሲቲው ላይ የሚፈለገው ግራጫው ስብ መሀል የተበተኑ ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። እነሱ ጋዝ ናቸው። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት ነው። ከፍርምባ ጀርባ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ብትታይ እንኳ የሌሊቱ ፕሮግራም ይቀየራል።

ሲቲውን ማን ያስፈልገዋል? አንገቱ አብጦ ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ አይደለም። ከአንገት ሕመም ጋር ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ ቅላቱ ከአንገቱ ወደ ደረቱ ከተዘረጋ፣ ወይም ቆዳው ሲነካ ሥሩ አየር እንዳለ ከተንኮሻኮሸ ግን አይጠበቅም። አንገቱ ተከፍቶ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ያልወረደለትም እንዲሁ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ላይ ጥርጣሬው ከፍ ማለት አለበት። እነሱ ላይ ሲመጣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል፤ ኢንፌክሽኑ ስኳሩን ያንረዋል፣ የናረው ስኳር ኢንፌክሽኑን ያግዘዋል።

ትንፋሽ ይቀድማል

ከአንቲባዮቲክም፣ ከሲቲም፣ ከቢላም በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላም መተንፈስ ይችላል?

ከምላስ ሥር ያለው ቦታ በሙሉ ሲያብጥ ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 ገልጾታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እንዲህ ያለው በሽተኛ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ደረቱ ጋ ሳይደርስ፣ ታፍኖ ነው። ለሃጩ ይፈሳል፣ አፉ ሞልቶ እንደሚያወራ ሰው ይናገራል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። አታጋድሙት። ራሱ የመረጠው አቀማመጥ አየር የሚያገኝበት ነው።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው።

በነቃበት ቱቦ ማስገባት፦ ጉሮሮው ብቻ ይደነዝዛል፤ ሰመመን ሰጪው በካሜራ ባለ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ በኩል ያልፋል። በሽተኛው ራሱ እየተነፈሰ ስለሆነ ባይሳካ እንኳ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። መሣሪያውና የለመደ እጅ ካለ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

ማስተኛትና ከዚያ ቱቦ ማስገባት፦ ለሌላው በሽተኛ የተለመደው መንገድ ነው። እዚህ ግን ጡንቻ ማላሊያው ከተሰጠ በኋላ መንጋጋው ላይከፈት ይችላል፤ ያበጠው ጉሮሮም ይዘጋል። በጣም ተጣድፎ መግባት የሚያስጸጽትበት ቦታ ይህ ነው።

አንገት ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ቱቦ ማስገባት ወይም ትራኪዮስቶሚ፦ በቦታ ማደንዘዣ ብቻ፣ በሽተኛው ነቅቶ ሳለ ሊሠራ ይችላል። ሌላው ሁሉ ሲያቅት ሕይወት ያድናል። ረጅም ጊዜ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ለሚቆይ ሰውም ምቹ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ያበጠ አንገት ላይ የአየር ቧንቧውን ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞም ከቧንቧው ፊት ያለውን ኪስ ስንከፍት መግሉ ያልሄደበትን መንገድ ልንጠርግለት እንችላለን። ስለዚህ ለሁሉም በጅምላ መሥራቱን አልደግፍም።

አራተኛ አማራጭ አለ የሚል አይጠፋም፤ «ቆይ እንየው»። ድምፁ ያልተለወጠ፣ ምራቁን የሚውጥ፣ ተኝቶ መተንፈስ የሚችል ሰው ላይ ይሠራል። ያውም ዓይን ሳይነቀልበት።

አንቲባዮቲክ ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። አንቲባዮቲክ በደም ይጓዛል። መግል የሞላበት ኪስ ውስጥና የሞተ ሥጋ ላይ ደም አይደርስም። ዙሪያውን ያለውን ሕያው ሥጋ ይጠብቃል፣ ወደ ደም የገባውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ኪሱን ግን አያደርቅም።

አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ፒርስ የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከአንገት የወረዱ የደረት መሀል ኢንፌክሽኖችን ሰብስቦ አሳተመ። ካልተከፈተላቸው ከአሥሩ ከስምንት በላይ ሞተዋል። ከተከፈተላቸው የሞቱት ሲሶ ገደማ ናቸው። ያኔ መድኃኒት በሌለበት መክፈት ብቻውን ይህን ያህል ልዩነት አምጥቷል። ዛሬ መድኃኒቱ ተጨምሯል እንጂ መክፈት አልተሻረም።

ለመድኃኒቱ ምርጫ መታወቅ ያለበት መግሉ የአንድ ባክቴሪያ ሥራ አለመሆኑ ነው። የአፍ ስትሬፕቶኮከሶች አሉ። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ እንደ ፕሬቮቴላና ፉሶባክቴሪየም ያሉ አሉ። አንዳንዴ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ይጨመራል። የስኳር ሕመምተኞች ላይ ክሌብሲየላ ይታያል። ስለዚህ ሁሉንም የሚያገኝ ነገር ያስፈልጋል፤ በደም ሥር፣ ሳይውል ሳያድር። በሽተኛው በሴፕሲስ፣ ማለትም ኢንፌክሽኑ መላ አካሉን አናግቶት፣ የደም ግፊቱ ከወረደ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

አምፒሲሊን ከሰልባክታም ጋር ወይም ፒፐራሲሊን ከታዞባክታም ጋር የሚሰጡት ጥምሮች ብቻቸውን ብዙውን ይሸፍናሉ። ሁለተኛው የሆስፒታል ባክቴሪያዎችንም ስለሚጨምር ደረት ለደረሰ በሽታ ብዙዎች ይመርጡታል። ሴፍትሪያክሶን ከሜትሮኒዳዞል ጋር በብዙ ቦታ የሚገኝ ጥሩ ጥምር ነው። ሁለቱን ለየብቻ መስጠት ግን ጎዶሎ ነው። ሴፍትሪያክሶን ያለ ኦክስጅን በሚኖሩት ላይ ደካማ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ስትሬፕቶኮከስን አይነካም። ሜሮፔነም ሰፊ ነው፤ በጠና ለታመመ ወይም ቀደም ሲል ብዙ አንቲባዮቲክ ለወሰደ ሰው ይቀመጣል። ቫንኮማይሲን ወይም ሊኔዞሊድ የሚጨመረው ሜቲሲሊንን የለመደ ስታፊሎኮከስ ሲጠረጠር ነው። ጄንታማይሲን መግል ውስጥ ኦክስጅን በሌለበትና አሲድ በበዛበት አካባቢ ጉልበቱን ያጣል፤ በእሱ ላይ መመካት አይገባም። ክሊንዳማይሲን ባክቴሪያው መርዝ እንዳያመርት ያግዳል፤ ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ጥምር ውስጥም ይገባል። ግን የለመዱት ባክቴሪያዎች በዝተዋል፤ ብቻውን አይታመንም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ለላቦራቶሪ መግሉን በጥጥ ነክቶ መላክ የተለመደ ነው። ጥጡ ላይ አየር ያገኛቸው ስስ ባክቴሪያዎች መንገድ ላይ ይሞቱና መልሱ ግማሽ እውነት ይሆናል። በሲሪንጅ ተስቦ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ቶሎ ቢላክ ይሻላል። መልሱ እስኪመጣ መድኃኒቱ አይቆምም። ናሙናው ካልተገኘም አይጠብቅም።

እስከ የት ይከፈት?

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ኤንዶ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በሽታውን በሲቲ ላይ በደረሰበት ጥልቀት ከፋፈሉት። መለያው የአየር ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ነው። መግሉ ከዚያ በላይ ከቀረ አንደኛ ዓይነት ነው። ከዚያ በታች በፊት በኩል ከወረደ ሁለተኛ «ሀ»። ከፊትም ከኋላም ወደ ታች ከወረደ ሁለተኛ «ለ»። ቀላል ክፍፍል ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ በስልክ ሊነገር ይችላል።

በአንገት በኩል ብቻ መክፈት። በአንገት ጎን ባለው ረጅም ጡንቻ ፊት ለፊት ይቀደዳል። የሐኪሙ ጣት ከሽፋኖቹ መሀል እየገባ ኪሶቹን አንድ በአንድ ይከፍታል። የሚወጣው ሁልጊዜ ወፍራም ቢጫ መግል አይደለም። ብዙ ጊዜ ቀጭን፣ እንደ እቃ እጣቢ ውሃ ግራጫ፣ ጓንት ሁለት ጊዜ ከቀየሩ በኋላም አፍንጫ ውስጥ የሚቀር ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው። የሞተው ሥጋ ሲቆረጥ አይደማም። ለአንደኛ ዓይነት ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ደረት አይከፈትም፣ በብዙ ቦታ ሊሠራ ይችላል። ጣት ግን የሚደርስበት ልክ አለው። ከአየር ቧንቧው መከፈያ በታች ያለውን መግል ከላይ ሆኖ በጭፍን ማውጣት አስተማማኝ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የጥናቶች ጥምር ትንተና ይህን በቁጥር አሳይቷል። በአንገት በኩል ብቻ ከተከፈተላቸው 53 በመቶው ሲተርፉ፣ በደረት በኩልም ከተከፈተላቸው የተረፉት 81 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች «ደረት ሁልጊዜ ይከፈት» ብለዋል። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። ቁጥሮቹ የተሰበሰቡት ከተበታተኑ የበሽተኛ ታሪኮች ነው። ማን ለየትኛው ኦፕራሲዮን እንደተመረጠም አይታወቅም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ከተጠራጠራችሁ ወደ መክፈቱ አዘንብሉ።

ከፍርምባ ጫፍ ሥር መክፈት። ከሆድ በላይ፣ ፍርምባው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ትንሽ ተቀድዶ ከአጥንቱ ጀርባ ወደ ላይ ይገባል። ከአንገቱ ቀዳዳ ጋር ሲገናኝ መግሉ ከላይም ከታችም መውጫ ያገኛል። ለሁለተኛ «ሀ» ተስማሚ ነው፤ የልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ ካለም በዚያው ይወጣል። ከልብ ጀርባ ያለውን ግን ፈጽሞ አያገኘውም።

በካሜራ ደረትን መክፈት። በጎድን አጥንቶች መሀል ሁለት ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። የደረት መሀል ሽፋን ከላይ እስከ ድያፍራም ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ ቱቦ ይቀመጥበታል። ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ይገባል፤ በግራ በኩል ትልቁ የደም ሥር መንገድ ይዘጋል። ሕመሙ ያንሳል፤ በሽተኛው ቶሎ ያስላል፣ ቶሎ ይቀመጣል። ፊትና ኋላውን፣ በሳንባ ዙሪያ ያለውንም መግል በአንድ ጊዜ ያገኛል። እንቅፋቱ አንደኛውን ሳንባ አየሩን አስወጥቶ አሳርፎ ማቆየት መፈለጉ ነው። ለዚያ የሚሆነው ቱቦ ወፍራም ነው፤ ባበጠ ጉሮሮ ማስገባት ፈተና ነው። ቀድሞ የገባውን ቱቦ ሳይነኩ በውስጡ መዝጊያ ፊኛ አሳልፎ አንዱን ሳንባ ማሳረፍ ይቻላል። ግፊቱ በመድኃኒት ብቻ የቆመ፣ በአንድ ሳንባ ኦክስጅኑ የማይዝ ሰው ላይ ግን ካሜራው ቅንጦት ይሆናል።

በጎን ደረትን በሰፊው መክፈት። የቆየው መንገድ ነው። በጎድን አጥንቶች መሀል ሰፊ ቅድ ይደረጋል፤ እጅ ይገባል፤ የሞተው ሁሉ ይጸዳል። ለሁለተኛ «ለ»፣ በተለይም ሥጋው በሰፊው ለሞተ ወይም በሳንባ ዙሪያ ያለው መግል ለጋገረ ሰው ከዚህ የተሻለ እይታ የሚሰጥ የለም። ዋጋው ሕመም ነው። የሚያመው ሰው በደንብ አያስልም፤ በደንብ ያላሳለ ሰው ሳንባው ይታመማል። የለመደ እጅ ባለበት ለተረጋጋ በሽተኛ ካሜራውን አስቀድማለሁ። እጁ ካልለመደ ወይም በሽተኛው ካልተረጋጋ ሰፊው ቅድ ይሻላል። በካሜራ ተጀምሮ ወደ ሰፊው መቀየር ሽንፈት አይደለም።

ፍርምባን መሀል ለመሀል መሰንጠቅ። የልብ ቀዶ ሐኪሞች የለመዱት መንገድ ነው፣ ፊት ለፊቱን ወለል አድርጎ ያሳያል። እዚህ በሽታ ላይ ግን መግል የነካው አጥንት ራሱ ይመረቅዛል፤ የፍርምባ ኢንፌክሽን ደግሞ ለወራት አይለቅም። ከልብ ጀርባ ያለውንም በቀላሉ አያገኝም። ሌላ መንገድ እስካለ ድረስ እርቀዋለሁ።

በሲቲ እየታየ ቀጭን ቱቦ ማስገባት። ቆዳ ተወግቶ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ቤተሰብ ሲሰማው ደስ ይለዋል። አንድ ቦታ ተከማችቶ ግድግዳ የሠራ ቀጭን ፈሳሽ ከሆነ ይሠራል። ከኦፕራሲዮን በኋላ የቀረች ትንሽ ኪስ ለማድረቅም ጥሩ ነው። የተበተነ ጋዝና የሞተ ሥጋ ግን በእስክሪቢቶ ቀፎ ስፋት ባለ ቱቦ አይወጣም። እንደ መጀመሪያና ብቸኛ ሕክምና አልመክረውም።

የቱም ቢመረጥ ምንጩ ካልተነቀለ ሥራው አላለቀም። የበሰበሰው ጥርስ፣ የቶንሲሉ መግል፣ ጉሮሮ ላይ የተሰካ የዓሣ አጥንት ቢኖርም በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ላይ ይወጣ።

አንዴ ከፍቶ መተው?

ይህ በሽታ አንድ ኦፕራሲዮን የሚበቃው አይመስለኝም ብላችሁ ጀምሩ። በቃ ካለ ደስ ይበላችሁ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲቲውን መድገም ብዙዎች የሚከተሉት መንገድ ነው። በሽተኛው ከዚያ በፊት ከባሰበት ሰዓት አይጠበቅም። ትኩሳቱ ተመልሶ ከመጣ፣ የግፊት መድኃኒቱ መጠን ከጨመረ፣ ነጭ የደም ሴሉ ከወጣ፣ አንድ ቦታ ያልደረቀ ኪስ አለ ማለት ነው። የአንገቱ ቁስል ቀይና ንጹሕ ሆኖ ሳለ ደረቱ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ዓይን የሚያየው አንገቱን ስለሆነ ሁላችንም በዚህ እንታለላለን።

የአንገቱን ቁስል ሰፍቶ መዝጋት ወይስ ክፍት ማቆየት? የሞተ ሥጋ ከተቆረጠ ክፍት ይቆይ፤ በየቀኑ ይታይ። በመምጠጫ ማሽን የሚሠራው ፋሻ ቁስሉን ያደርቃል፣ የፋሻ ቅያሬውንም ያሳንሳል። ትልልቆቹ የደም ሥሮች ራቁታቸውን በወጡበት ቦታ ላይ ግን በቀጥታ አይደረግም፤ ሥሩ ሊሸረሸርና ሊፈነዳ ይችላል።

በደም የሚወርደው ሌላው በሽታ

አንድ የሚያሳስት ጉዳይ አለ። ጉሮሮውን የታመመ ወጣት ከሳምንት በኋላ በትኩሳትና በደረት ውጋት ይመጣል። አንገቱ በአንድ ጎን ያመዋል። ሲቲው ላይ የደረት መሀል ንጹሕ ነው፤ ሳንባዎቹ ላይ ግን የተበተኑ ክብ ክብ ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ መሀላቸው ባዶ ነው።

ይህ በኪሶቹ የወረደ መግል አይደለም። የአንገት ትልቁ የደም መላሽ ሥር ተመርቅዞ ውስጡ ደም ረግቷል፤ የተበከለው የረጋ ደም እየተቆረሰ ወደ ሳንባ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1936 ፈረንሳዊው ሐኪም ሌሚየር በሰፊው ገልጸውታል። ዋናው ተጠያቂ ፉሶባክቴሪየም ነው። እዚህ ምርጫው ይገለበጣል። ለሳምንታት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ዋናው ሕክምና ነው። ቢላ የሚያስፈልገው አንገት ላይ ወይም በሳንባ ዙሪያ መግል ከተጠራቀመ ብቻ ነው። ደም ማቅጠኛ ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ላይ ሐኪሞች አይስማሙም። የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት እየወጣ ከሆነ ብዙዎች ወደ መስጠቱ ያዘነብላሉ።

ሁለቱን የሚለየው ያው ሲቲ ነው።

ትርፍ ነገሮች፣ ባጭሩ

እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ትኩሳቱንና ሕመሙን ሸፍነው ሰውየውን ቤት ያቆዩታል። በውስጥ መግል ለተጠረጠረ ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል። የስቴሮይድ መርፌ እብጠቱን ለጊዜው ያሳንሳል፣ ለትንፋሽ ሲባልም አንዳንዴ ይሰጣል፤ ግን በመክፈት ፈንታ አይሆንም። በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን የሚሰጥበት ክፍል ካለ ተጨማሪ ሊሆን ይችላል። ጥቅሙ በጠንካራ ማስረጃ አልተደገፈም፤ እሱን ፍለጋ ኦፕራሲዮን ማዘግየት ስሕተት ነው።

ምግብ ግን ትርፍ ነገር አይደለም። ይህ ሰው ሳምንት ሙሉ በደንብ ሳይበላ ነው የመጣው። በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ በሰመመን ውስጥ እያለ ቢገባ በኋላ ከሚደረገው ትግል ይገላግላል።

እዚሁ ይታከም ወይስ ይላክ?

ሲቲ፣ የደረት ቀዶ ሐኪምና የጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ላይ በሌሉበት ቦታ ይህን በሽታ እስከ መጨረሻው ለማከም መሞከር ከባድ ነው። ይላክ። ከመላኩ በፊት ግን ሦስት ነገር ይሠራ። ትንፋሹ ይረጋገጥ፤ መንገድ ላይ ቱቦ ማስገባት ከሁሉም የከፋው ነው። አንቲባዮቲኩ ይጀመር። አንገት ላይ ጣት የሚያገኘው መግል ካለና የሚከፍት እጅ ካለ ይከፈት፤ ጉዞውን የሚያዘገይ ከሆነ ግን ይቅር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ቤተሰብ ከሆናችሁ ሐኪሙን ለመጠየቅ አትፍሩ። «ሲቲው ደረቱን ጨምሮ ነው የተነሳው?» «መግሉ እስከ የት ደርሷል?» «በየት በኩል ልትከፍቱ ነው፣ ከጀርባ ያለውንስ በዚያ ታገኙታላችሁ?» «ሁለተኛው ሲቲ መቼ ነው?» አብዛኛው ሐኪም ምስሉን አውጥቶ ያሳያችኋል። ጥቁሮቹ ነጠብጣቦች የት እንዳሉ በጣቱ ይጠቁማችኋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ከደረቱ የወጡት ቱቦዎች በየቀኑ ይለካሉ። ግራጫው ፈሳሽ መጀመሪያ ደም ይቀላቅላል፣ ቀጥሎ እንደ ደካማ ሻይ ይሆናል፣ ከዚያ ይነጣል። አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። ሰውየው መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሾርባ ይውጣል። እና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አፉ ውስጥ ይመልከት፤ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ጥርሱ ሳይነቀል ቀርቶ ሊሆን ይችላል።